የጎባው ሆቴል የግራ ምድጃ

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሮቤ ያለችው ቤታችን ደህና ናት፤ የፊት ለፊቱን ክፍል ምግብ ቤት አድርጌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ዲንሾ የሚወጡ ሾፌሮች ይሞሉታል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጋሽ በቀለ ነው። ፊቱ ላይ አንቱ እለዋለሁ፤ ለአንቺ ስጽፍ ግን አልችልም።

አስራ ስድስት ዓመት ያበሰልሽበት የጎባው ሆቴሉ ተዘጋ። ያንን የሠርግ ቀን መቼም አልረሳሁትም፤ ዶሮ ወጡ ከሥሩ ሲያርርብሽ በእንግዶቹ ፊት «እጅሽ ተበላሽቷል» ብሎ አባረረሽ። የጋዝ ስቶቩ የግራ ምድጃ እሳቱ እንደሚያጋድል፣ ሲቀንሱትም እንደሚጠፋ ስንት ጊዜ ነግረሽው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለድግስ የጠራሽ የለም። ወጥ አሳራሪዋ እንደተባልሽ ሞትሽ።

ስቶቩን ሊሸጥ መሆኑን ስሰማ ሁለት እኩል ድስት ይዤ ሄድኩ። ከጎሮና ከገሰራ የመጡ ገዢዎች ከበውታል። «እንደ አዲስ ነው፤ ስድስቱም ምድጃ እኩል ይሠራል» ይላቸዋል። አብረውሽ ይሠሩ የነበሩት አዴ ዘይነባም ዕቃ ሊያስረክቡ መጥተው ነበር።

እኩል ሽሮ በጥብጬ አንዱን በቀኙ፣ አንዱን በአንቺው በግራው ምድጃ ላይ ጣድኩ። ሁለቱም ቶሎ ፈሉ፤ ገዢዎቹ ወደዱት። «ማፍላትማ ሁሉም ያፈላል፣ እሳቱን ሲቀንሱት ነው የሚለየው» አልኳቸውና ሁለቱንም ቀነስኩ። የቀኙ ሰማያዊ እንደሆነ ቀስ አድርጎ አንተከተከው። የአንቺው ጠፋ። ሦስት ጊዜ ለኮስኩት፣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። እንዳይጠፋ ከፍ ሳደርገው ቢጫው ነበልባል ድስቱን በአንድ ጎን ላሰው፤ ብዙም ሳይቆይ ያረረ ሽሮ ሸተተ።

«ጋሽ በቀለ፣ የሠርጉን ወጥ ያሳረረው ማን ነው? ይንገሯቸው» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ «ምድጃው ነው» አለ።

አዴ ዘይነባ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው «ዱጋ፣ እውነት ነው። እኔም ያኔ አውቅ ነበር፤ እንጀራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ» አሉ።

ገዢዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ በቀለ በር ድረስ ተከትሎኝ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ሲለኝ፣ «እሷን በሕይወት እያለች መጠየቅ ነበረብዎ» ብዬው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፈገግ ስል እንደነበር ያወቅኩት አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምን እንዳስደሰተኝ ስትጠይቀኝ ነው።

በማግስቱ እዚሁ ሮቤ አዲስ ስቶቭ ገዛሁ። ሻጩ እሳቱ ኃይለኛ ነው ያለኝን ውዱን ትቼ፣ ዝቅ ሲል የማይጠፋውን መረጥኩ። አዴ ዘይነባ ሥራ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም።

ብትኖሪ ይቅር በያቸው ትይኝ ነበር፤ አውቃለሁ። አንቺ ይቅር በያቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በገዛ እጅሽ ማመን ትተሽ፣ ለሁለታችን የምትሠሪውን ወጥ እንኳ አስር ጊዜ እየቀመስሽ ኖርሽ። እስክሞት ድረስ ይህን አልረሳም።

ልጅሽ