እንኳን ገንዳዎ ጠራልዎ

ለክቡር አቶ ንዋይ የሺጥላ
የ«አለኝታ» መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ቶንፒንግ፣ ጁባ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ተስፋ በአክብሮት እገልጻለሁ፤ በተለይ የሆድ ጤንነታችሁን እመኛለሁ፣ በዚህ ወቅት ጁባ ውስጥ ለሰው ከዚህ የበለጠ የሚመኙለት ነገር የለምና። እኔ በካስተም ገበያ የሳሙናና የበረኪና ጅምላ ነጋዴ የሆንኩት ዓፊፋ ሪያድ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሁ። ጉዳዩን በቃል ላስረዳዎ ደጋግሜ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ በማኅበሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ልጽፍ ስልም ከግሩፑ መወገዴን ስላወቅኩ፣ ይህን ደብዳቤ በየሱቁ በር፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ድፍረቴን በትልቅነትዎ ይቅር እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

ምስጋናዬን ላስቀድም። የመኖሪያ ግቢዎ መዋኛ ገንዳ በዝናቡ ወራት አልጌ ይዞት፣ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ፣ የማንጎው ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈበት፣ እንቁራሪት ሲንጫጫበት እንደከረመ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግን ከሥሩ ያለው ሸክላ አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ንጹሕ ውሃ ሆኗል። እንኳን ጠራልዎ። ለዚህ ታላቅ ሥራ የዋለው በረኪና እኔና የካስተም ነጋዴዎች ለኮሌራ መከላከያ ብለን ለማኅበሩ ያስረከብነው መሆኑን ሳስብ፣ ስጦታችን ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ጀርም መግደሉ ያጽናናኛል።

ይሁንና ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ። ጊዜዎን እንዳልሻማ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

፩. ስለ አሰጣጡ። በሽታው በገባ ሰሞን ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ የሚመጡት የጭነት መኪኖች መንገድ ላይ ቀርተው፣ በረኪና ከገበያ መጥፋቱን ያስታውሳሉ። መጋዘናችን ውስጥ የነበረውን ሁሉ አውጥተን ሰጠናችሁ፤ ለራሴ ቤት እንኳ አላስቀረሁም። እኔ በጋሪ ጭኜ ከካስተም ጀርባ ባሉት የቆርቆሮ ግቢዎች በር ለበር ላድለው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ዝርክርክ አሰጣጥ የማኅበሩን ስም እንደሚያጎድፍ፣ ርክክቡ ባነር ተሰቅሎ፣ የክብር እንግዶች ተጠርተው፣ ፎቶ እየተነሳ በመኖሪያ ግቢዎ መፈጸም እንዳለበት በትዕግሥት አስረዱኝ። ሶደቃ የሰጠ ሰው ከሰጠ በኋላ ማዘዝ አይገባውም ብዬ ዕቃውን ወደ ግቢዎ አስጫንኩ።

፪. ስለ ገንዳው። የርክክቡ ቀን ሲቃረብ ኮሚቴው ግቢዎን ጎበኘና ከእንግዶቹ ወንበር ጀርባ ያለው አረንጓዴ ውሃ ለፎቶ እንደማይመች ደረሰበት። ወንበሮቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ይቻል እንደነበር እኔ ያልተማርኩት አሁን አስቤዋለሁ፤ የተማረ ሰው የሞላበት ኮሚቴ ያላሰበውን ማሰቤ አሳፍሮኛል። የሆነ ሆኖ ገንዳው እንዲጸዳ ተወሰነ፣ በረኪናውም እዚያው መጋዘንዎ ውስጥ ተደርድሮ ነበር። ለድሆች የሚታደለው በረኪና፣ በረኪናው የሚታደልበትን ሥፍራ ለማሳመር ዋለ ማለት ነው።

፫. ስለ አጠቃቀሙ። ይህን የምጽፈው በነጋዴነቴ ነው፤ ዕቃዬ ያለ አግባብ ሲባክን ያመኛል። የግቢዎ አትክልተኛ ማሙሽ እንደነገረኝ፣ እርስዎ በየቀኑ ቀትር ላይ ጃንጥላ አስይዘው ከዳር ይቆሙና በረኪናውን ጠርሙስ በጠርሙስ ያስፈስሱ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በረኪና የጁባን ፀሐይ አይችልም፤ በቀትር ያፈሰሱት ሲመሽ ኃይሉ አልቋል። አስቀድሞ የማንጎው ቅጠል በወንፊት ይለቀማል፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተጋል፣ ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈስና ፓምፑ እስኪነጋ ሲያዞረው ያድራል፤ በነጋታውም የሞተው አልጌ ከሥር ይጠረጋል። ይህን ያደረገ ሰው በጥቂት ጠርሙስ ይገላገላል። እርስዎ ግን ለጄኔሬተሩ ናፍጣ አዝነው ፓምፑን አዘጉ፣ ቅጠሉም እዚያው በስብሶ ያመጡለትን በረኪና ሁሉ ሲበላ ሰነበተ። ገንዳው የጠራው መጋዘኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ግማሹ እንኳ ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም።

፬. ስለ ጠርሙሶቹ። እዚህ ላይ ቀልዴን ብቀንስ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ።

ርክክቡ ደረሰ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ከገንዳው ዳር ተዘረጋ፣ ባነሩም ተሰቀለ፣ የሚታደል በረኪና ግን አልነበረም። ማሙሽን ባዶዎቹን ጠርሙሶች ከገንዳው እንዲሞላቸው አዘዙት። እሱ ሲያመነታ ለፎቶ ብቻ ነው፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ በኋላ ይሰበሰባል እንዳሉት ሳይሸሽግ ነግሮኛል። እንደሚሰበስቧቸው አስበው እንደነበር ከልቤ አምናለሁ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ፎቶው እንዳለቀ እርስዎና እንግዶቹ ወደ ጥብሱ ሄዱ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው የመረቁዎት ሴቶች ደግሞ ወደየሰፈራቸው፣ ወደ ጉደሌ፣ ወደ ሙኑኪና ወደ ካስተም ይዘውት ገቡ። የሰበሰበ አልነበረም።

እንግዶቹ ሳይነሱ በፊት ያደረጉትን ንግግርም አልረሳሁትም። ከእንግዲህ ውሃ ለማፍላት ከሰል መፍጀት ቀረ፣ እናቶቻችን ዐረፉ፣ ጥቂት ጠብታ ይበቃል ብለው ነበር። ሁላችንም አጨበጨብን።

፭. ስለ ሉባባ። በፎቶው ላይ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችው፣ ከእርስዎ እጅ ጠርሙስ ስትቀበል አንገቷን የደፋችው ሴት ናት። ስሟን አልጠየቋትም ብዬ ስለምገምት ላስተዋውቅዎ። ሉባባ የወሎዋ ሐርቡ ልጅ፣ ለእኔም እንደ እህት ናት፤ የጭነት መኪኖች በሚራገፉበት ቦታ ለሾፌሮች ፉል እየሸጠች ልጇን ጀንነትን ለብቻዋ ታሳድግ ነበር። ከቦቴ የምትገዛውን ውሃ ፉሉን ባበሰለችበት ፍም ላይ ሳታፈላ አትጠጣም ነበር፤ ጎረቤቶቿ ሉባባ ውሃም ትቀቅላለች እያሉ ይስቁባት ነበር። ከእርስዎ ጠርሙስ በኋላ ማፍላቱን ተወች። ሊቀመንበሩ በአፋቸው ተናግረዋል አለችኝ፣ እኔም ጥሩ ነው አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ ኮሌራው ያዛት፤ በቦዳ ቦዳ ሞተር ደግፈን ወደ ሕክምና ጣቢያው ስንወስዳት መንገድ ላይ አረፈች። አላህ ይዘንላት። የጣቢያው ሰዎች ጓንት ሰጡንና ጀናዛዋን በረኪና በገባበት ውሃ እንድናጥብ አስጠነቀቁን፤ ከራሳቸውም ሊሰጡን ሲሉ፣ ለሌላ በሽተኛ ይሁናችሁ፣ እኛስ ማኅበራችን ሰጥቶናል አልኳቸው። በኩራት ነው ያልኩት። ቤት ገብተን ልብሷን ከፈታን በኋላ ከራስጌዋ ጠርሙሱን አንስቼ ከፈትኩት። በረኪና ሳሸት ኖሬአለሁ፣ ሱቄ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ይኼኛው ምንም አልሸተተኝም። ባልዲው ላይ ሳዘነብለው ከበሰበሰ የማንጎ ቅጠል የተቆረጠች ቁራጭ አብራ ወረደች። እህቴን አስተኝቼ፣ ትቻት፣ በረኪና ልለምን ወደ ጣቢያው ተመለስኩ።

ክቡር ሆይ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ይህን በጨዋ አማርኛ የምልበት ሌላ መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

፮. ስለ ምላሽዎ። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን በስልክ አግኝቼዎ ነገሩን ስነግርዎ፣ ከልብ አዝነው የቀብር ቦታውን ጠየቁኝ፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ጠርሙሶቹ ውሃ መሆናቸው ዛሬውኑ በግሩፑ ይነገር ስል ግን፣ ይህ የማኅበሩን ስም የሚያጠፋ ወሬ እንደሆነ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪያይ ድረስ መታገሥ እንደሚገባኝ መከሩኝ። ስልኩ ከተዘጋ ብዙም ሳይቆይ ከግሩፑ ተወገድኩ። ከዚያ ወዲህ በግሩፑ መጻፍ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ሌሎቻችን ተናግረን የማስጠንቀቅ አቅም የለንም። የማውቃቸውን ቤቶች ዞሬአለሁ፤ ብዙዎቹን ግን አላውቃቸውም። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ እነዚያ ቤቶች ይጠጣሉ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ዛሬ፣ በራስዎ ድምፅ፣ በግሩፑ ላይ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የገንዳ ውሃ ነው፣ ውሃችሁን አፍሉ ይበሉ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ እሱን ለሚመችዎ ቀን ማቆየት ይችላሉ።

እስከዚያው ግን ይህን አጥር ላይ ቆማችሁ የምታነቡ ወገኖች፣ ሊቀመንበሩን እያከበርን እኔ ልናገር፦ በርክክቡ ቀን የተሰጣችሁን ጠርሙስ ውሃችሁ ውስጥ አትጨምሩ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ ንገሩ። መንገዱ ተከፍቶ መኪኖቹ ገብተዋል፤ ጠርሙሱን ይዞ ካስተም ሱቄ ለመጣ ሁሉ ያለ ክፍያ በሞላ በረኪና እለውጥለታለሁ። እስኪደርሳችሁ ግን ከሰሉ ይቃጠል፣ ውሃው ይፍላ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ለገንዳዎ ጥራት፣ ለንግግርዎ ጣፋጭነት፣ ከእንግዶቹ ጋር ለቀረበው ጥብስም ጭምር ያለኝን ምስጋና እየደጋገምኩ፣ ወደፊትም ስጦታችንን ለማን እንደሰጠን አጣርተን እንድንሰጥ ስላስተማሩን ውለታዎን እንደማንረሳ በትሕትና አረጋግጣለሁ።

እስከ ዛሬ ድረስ የማኅበርዎ አባል፣
ዓፊፋ ሪያድ
ካስተም፣ ጁባ

ማስታወሻ፦ ጀንነት አሁን ከእኔ ጋር ናት። ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ አንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር፤ ጠብታውን ጀሪካኑ ውስጥ የምትጨምረው እሷ ነበረችና፣ «አሳንሼ ይሆን?» ትለኛለች። ብምላትም አላመነችኝም። በመጨረሻ ከሉባባ ጠርሙስ የተረፈውን በብርጭቆ ገልብጬ፣ ከጎኑ እውነተኛ በረኪና በሌላ ብርጭቆ አድርጌ፣ የሱቄ መስኮት ላይ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብርጭቆውን አንስታ ብዙ አየችው፤ የእናቷ ብርጭቆ አረንጓዴ ሆኗል። «አላሳነስኩም» አለችና አለቀሰች። ብርጭቆው እዚያው መስኮቱ ላይ ነው። ፎቶ አንሺዎን ሊልኩት ከፈቀዱ፣ ከቀትር በኋላ ብርሃኑ ጥሩ ነው።