የፌኔት የኮሌጅ ክፍያ

ልጄ ኢፋ፣ ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እናትህ ወርቄ፣ እህትህ ፌኔትና እኔ፣ እግዚአብሔር ክብሩ ይስፋና፣ ደህና ነን።

አንደኛ፣ ጣሪያው ተጠግኗል። ሁለተኛ፣ እናትህ ስልክህ ዝግ ሆነብኝ ትላለች፤ ኔትወርክ ነው ብያታለሁ። ሦስተኛው የፌኔት ኮሌጅ ነው።

ለወታደር ቤተሰብ ግማሽ ስለሚያስከፍሉ፣ በየሴሚስተሩ "በሥራ ላይ ነው" የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከጦር ክፍልህ ትልክልን ነበር። ዘንድሮ ስላልመጣ ባዶ እጄን ሄድኩ። ሬጅስትራር ያለችው ልጅ ፋይሉን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች።

"ይቀመጡ አባባ። የጦር ክፍሉ ለእኛ ጽፎልናል። ከእንግዲህ ፌኔት እስክትመረቅ በነፃ ነው የምትማረው።"

"የለም፣ ተሳስታችኋል። እኛ ግማሽ ከፋይ ነን።"

"እንዴ፣ እናንተ ቤት ሰው አልመጣም? ደብዳቤውን ላሳይዎት?"

መነጽሬን አልያዝኩም ብያት ወጣሁ። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያለው ባንክ ገብቼ ግማሹን እንደወትሮው ከፈልኩ። ለእናትህ አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ሮጬ የምከፍተው እኔ ነኝ።

በል ልጄ፣ እናትህና ፌኔት ሰላም ብለውሃል። ደብዳቤውን አጽፈህ ቶሎ ላክልን። ግማሹን መክፈል አላቃተንም፤ ነፃውን አንፈልግም።

አባትህ ለሜሳ