አንድ መርፌ ለመንደሩ ከብት ሁሉ

ሰኞ፣ ኅዳር 9። የጠዋት ቆጠራ፣ ከእህቴ በረት፦ የታለቡ ላሞች አራት። ቦራ ዛሬም አልተነሣችም። ጊደሯ ደህና ናት።

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከወንበርዎ በላይ በመስታወት ተለብጦ ለተሰቀለው የቁጠባ ምስክር ወረቀት ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከብት ገዝቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን የምጽፍልዎ ስለ ንግድ ሳይሆን፣ ባሏ ሞቶባት በወተት ልጆች ስለምታሳድገው እህቴና ስለ ላሟ ስለ ቦራ ነው። ቦራን የመረጥኩላት እኔ ነኝ፤ ደሟ ተመርምሮ ንጹሕ ነው እስኪባል ድረስም ገመዷን አልጨበጥኩም። ዛሬ አንገቷ ሥር ያሉት እጢዎች ቡጢ አክለዋል፣ አንድ ዓይኗ ወደ ውጭ ተገፍቷል፣ ጎድኗም ከሩቅ ይቆጠራል። የላቦራቶሪዋ ሐኪም የደም ካንሰር ነው ብላናለች፤ ደሟ ውስጥም የከብት ሉኪሚያ ቫይረስ ተገኝቷል።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን ይህ ቫይረስ ሬትሮቫይረስ ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ የራሱን ዘር ከሴሉ ዘር ጋር ያጋምዳል፤ ሴሉ በተባዛ ቁጥር አብሮ ይባዛል። በእንግድነት ገብቶ ርስት እንደተካፈለ ሰው ነውና ከዚያ ወዲያ የሚያስወጣው መድኃኒት አልተገኘም። ከላም ወደ ላም የሚሻገረውም በዋናነት በደም ነው። እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ወይም ምስጋናዬን፣ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መርፌው። በየዓመቱ በክትባት ዘመቻ የመንደሩ ከብት ሁሉ ይሰለፋል፤ ባለሙያዎም ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ በአንድ መርፌ፣ አልፎ አልፎ በጋዋኑ እጅጌ እየጠረገ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት ይጨርሳል። ክትባቱን አልጠላም፤ ብዙ በሽታ አስቀርቶልናል። ነገር ግን በዚህ አሠራር ንጹሕ መርፌ የሚደርሳት ከወረፋው ፊት የቆመችው አንዲት ላም ብቻ ናት። የመርፌው ካርቶን ማሸጊያው ሳይነካ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ ምስክር ወረቀቱም የተሰጠዎ ለዚሁ ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ስንት ዓመት ተኳርፌ ስኖር ላሞቻችን ግን በደም ተዛምደው እንደቆዩ አላወቅኩም ነበር ብላለች። ይህን ዝምድና ያለ ሽማግሌ ስለጨረሱልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ለፊተኛው አቤቱታችን ስለሰጡን መልስ ደብዳቤ። ቫይረሱ ብቻውን ካንሰር እንደማያመጣና የተያዙት ከብቶች አብዛኞቹ ሳይታመሙ እንደሚያረጁ ጽፈውልናል። እውነት ነው፤ ሐኪሟም ከሃያ አንዷ እንኳ ላትታመም እንደምትችል፣ ቫይረሱ መንገዱን እንደሚጠርግና በዓመታት ውስጥ ሌላ ብልሽት ሲታከልበት ነቀርሳው እንደሚነሣ ነግራናለች። ታዲያ በር ከፍቶ ያደረ ዘበኛ፣ የሰረቀው ሌባው እንጂ እኔ አይደለሁም ቢል ደመወዙን ይጨምሩለታል? ያቺ አንዷ የእህቴ ላም ሆነች። የአብዛኞቹ ጤንነት ለልጆቿ ወተት አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝንቡ። በዚያው ደብዳቤ ጥፋቱን በተናካሽ ዝንብ ላይ አሳብበዋል። ዝንብም ደም ያሻግራል፤ ቦራን የያዛት ከየት እንደሆነም አልምልም፣ ነጋዴ ያላየውን አይምልም። ሆኖም ዝንቡ የታሸገ የመርፌ ካርቶን አልተረከበም።

የገበያ ባልንጀሮቼ ቦራን እብጠቷ ሳይብስ ራቅ ወዳለ ገበያ እንድወስዳት መክረውኝ ነበር። በሽታን ከበረት ወደ በረት ማዳረስ የእርስዎን ሥራ መሻማት መስሎ ስለታየኝ ተውኩት።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው። የቀሩት አራት ላሞች በሽታው ባይታይባቸውም ቫይረሱ አለባቸው። ከዚያ በረት ደሟ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ንጹሕ የተባለችው የቦራ ልጅ፣ ጊደሯ፣ ብቻ ናት፤ የእህቴ ነገም እሷው ናት። ዘመቻዎ ደግሞ ነገ ነው፤ ያልተከተበ ከብት ገበያ አይገባም ብለዋልና መቅረት አንችልም። ለእያንዳንዷ ከብት አዲስ መርፌ ይቀየርላት ዘንድ፣ ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው እስከማውረድ ሳልደፍር፣ በትሕትና እለምናለሁ።

ካርቶንዎን ከመከፈት፣ እርስዎን ከመጠየቅ ይሰውርልን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የባለ ላሟ ወንድም፣ ከብት ነጋዴው

ተጨማሪ፦ ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ወረፋ ላይ ከኋላዎ ተቀምጬ ነበር። ነርሷ ክንድዎን ልትወጋ ስትል፣ የመርፌው ማሸጊያ ዓይንዎ እያየ እንዲቀደድ አዘዙ። ደግ አደረጉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለማወቅ ነው እያልኩ ስከራከርልዎ ኖሬያለሁ።

ነገ፦ ሳይነጋ ጊደሯን ይዞ መውጣት፤ ከወረፋው ፊት መቆም አለባት። አራቱን ላሞች ከሁሉ ኋላ ማሰለፍ።