ውጭው በየት በኩል ነው?

ውድ እትዬ፣

«ይሄኛው ይተነፍሳል፤ ያኛው ግን አፍኖ ይገድላል» አሉ አንዲት እናት ለልጃቸው፣ ብሎኬት መሸጫው ግቢ ውስጥ። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ አለፈች። እኔ ግን ሰው የተናገረውን ማመን ልማዴ ስለሆነ፣ እነሱ ዞር እስኪሉ ጠብቄ የተባለው ብሎኬት ላይ መዳፌን አሳረፍኩና መጠበቅ ጀመርኩ። እውነትም ከቀዳዳው በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነካኝ። ጆሮዬን ላስጠጋ ጎንበስ ስል የግቢው ባለቤት ደረሰች።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«የለም፤ ይተነፍሳል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሴትየዋ መጀመሪያ ብሎኬቱን፣ ቀጥሎ እኔን አየት አደረገች። «እሱስ ይተነፍሳል። እርስዎ ትንሽ ቁጭ ይበሉ» አለችና ወንበር አመጣችልኝ።

እዚያ ግቢ ምን ልሠራ እንደሄድኩ ታውቂዋለሽ። እማዬ ካረፈች በኋላ ቤቱን ለሁለት ስንካፈል ስለ ድንበሩ ካንቺ የደረሰኝ በአጎታችን በኩል የመጣ አንድ መልእክት ብቻ ነው፤ «መሀሉ ላይ ግንብ ይሁን፤ ከምን እንደሚሠራ እሱ ይምረጥ።» ከዚያ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ። ጡረታ ስትወጪ በግማሽሽ ገብተሽ እንደምትኖሪም አጎታችን ጨምረው ነግረውኛል። አንቺ ብለሻቸው ይሁን፣ እኔ ደስ እንዲለኝ እሳቸው አክለውበት ይሁን አላጣራሁም። ብቻ ያንን ወሬ ይዤ ነው ብሎኬት ስመርጥ የሰነበትኩት። ለምትመጣ እህት ነው የመረጥኩት።

ድፍኑን ብሎኬት ገዝቼ መገላገል እችል ነበር። ነገር ግን ግንቡ ከበረንዳው ጫፍ ተነሥቶ በወጥ ቤትሽ መስኮት ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው። ድፍን ከሆነ የጠዋቱ ብርሃን እኔ ጋ ይቀራል። ትዝ ይልሻል፣ ልጆች ሳለን ክፍላችንን በጠመኔ ለሁለት ከፍለሽ፣ መስኮቱ ወዳንቺ እንዲደርስ መስመሩን ያጣመምሽው? ወደ ውጭ ማየት ስፈልግ «ለምነኝ» ትዪኝ ነበር፤ እለምንሻለሁ። በዚያ አከፋፈል ቅር ብሎኝ አያውቅም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠ ሰው ያየውን ይናገራል፤ አንቺ ደግሞ ያላየሽውንም ጨምረሽ ነበር የምትነግሪኝ። ስለዚህ መስኮትሽን በሲሚንቶ መድፈን አልሆነልኝም።

ሴትየዋ ስለ ብሎኬት አመራረጥ ስታስረዳኝ ረፈደ። ሁለቱን አንሥተሽ ታጋጫቸዋለሽ፤ ጥሩው ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ አሸዋ የበዛበት ግን ሆዱ እንደሞላ ሰው ድብ ይላል። ጠርዙን በሚስማር ትፍቂዋለሽ፤ ከተፈረፈረ ትተሽው ትሄጃለሽ። ከቅርጹ ከወጣ በኋላ በቂ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ከሆነም ዛሬ ደህና መስሎ ነገ ይሰነጠቃል። እኔ እያንዳንዱን እያጋጨሁ ሳዳምጥ የቀን ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር።

«እሺ፣ ከየዓይነቱ አንዳንድ ልውሰድና ቤት ልሞክረው» አልኳት።

«ሰው ለሸሚዝ ነው እንጂ ለብሎኬት እንዲህ ይጨነቃል?»

ለሸሚዝ ተጨንቄ እንደማላውቅ አንቺ ምስክሬ ነሽ።

ቤት ስደርስ ሦስቱን በረንዳው ላይ ባለው ጠረጴዛ ደርድሬ አጎታችንን ከወዲያ በኩል አስቀመጥኳቸው። ጋዜጣም ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው የአበባ ቅርጽ ያለው ነው።

«ታየኛለህ?» አሉኝ።

«በደንብ።»

«እስቲ ምን እያነበብኩ ነው?»

«ጋዜጣው ተገልብጦብዎታል።»

የአበባው ፊትን እንዳለ ያሳያል። እኔና አንቺ እዚያ ገና አልደረስንም፤ ተመለሰ። ክብ ክብ ቀዳዳ ያለው ደግሞ የሚያሳየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። አንድ ዓይን ብቻውን ሲያይሽ፣ የአጎትሽ እንኳ ቢሆን ያስደነግጣል፤ እሱም ተመለሰ። ሦስተኛው እንደ መስኮት መከለያ ያጋደሉ ሦስት ስስ ክንፎች አሉት። «አየር ያስገባል፤ ዓይን አያስገባም» ብላኝ ነበር ሴትየዋ።

«አሁንስ?»

«ጫማዎን ብቻ።»

ቦታ ተቀያየርን። ክንፎቹ ወደኔ ዝቅ ብለው ስለነበር ከዚያኛው በኩል የታየኝ ወደ ላይ ነው፤ የጣራው ጠርዝና ቁራጭ ሰማይ።

«እኔስ?» አሉ አጎታችን።

«እርስዎ የሉም።»

ቅር አላቸው። እኔ ግን በዚህ ብሎኬት ተማርኬ ቀረሁ። አንድ ግንብ ሆኖ አንዱን ሰው መሬት፣ ሌላውን ሰማይ የሚያሳይ ነገር አይቼ አላውቅማ። ገዛሁት።

ግንበኛውን ሰፈር ውስጥ ቱንቢ ነው የሚሉት። ቱንቢ ግንብ ቀጥ ማለቱን የሚለኩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ነው፤ ሰውየው ግን ሲራመድ ራሱ ወደ ግራ ያጋድላል። አፉም እጁም ፈጣን ነው። መሠረቱን አወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ብሎኬቶች ውሃ አርከፈከፈባቸው፣ አንዱን አነሣና ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጌታው፣ ውጭው በየት በኩል ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ክንፉ ማዘንበል ያለበት ወደ ውጭ ነው። ዝናብ ሲመታው ውሃው ወደ ውጭ ይውረዳ! ወደ ውስጥ ካዞርኩት የሰው ቤት በውሃ ሞላሁ ማለት ነው።»

«እዚህ ውጭ የለም። ሁለቱም ውስጥ ነው።»

«ግንብ እያሠሩ ሁለቱም ውስጥ ነው ይሉኛል? ከዚህ ወዲያ ያለው የማን ነው?»

«የእህቴ።»

«እንግዲያው ውጭው እሱ ነዋ።»

«እሷን ብትጠይቃት ውጭው በኔ በኩል ነው የምትልህ።»

«ይጥሯትና ትናገር።»

«እዚህ የለችም።»

«የለችም? ታዲያ ምን ያከራክረናል!» አለ ብሎኬቱን ወዳንቺ እያዞረ። «የሌለ ሰው ውጭ ነው።»

ክርክሩን ለማብረድ አጎታችን መሀል ገቡ። «አንዱን ረድፍ ወዲህ፣ አንዱን ረድፍ ወዲያ አድርገው። እኩል ይሆናሉ።»

«እኩል ይበሰብሳሉ» አለ ቱንቢ።

ክንፉን ትቶ ምሰሶዎቹን እንዲሠራ ነገርኩት። ቀዳዳ ያለው ብሎኬት ባዶነቱ ስለሚበዛ ብቻውን አይጸናም፤ ዳርና ዳር ምሰሶ፣ በየረድፉ መሀል ደግሞ ቀጭን ብረት ይፈልጋል። እሱ ብረት ሲቆርጥ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስለ ውጭ አሰብኩ። ለካ ሰው ሙሉ ዕድሜውን አንድ ቤት ውስጥ ኖሮ ውስጡ የት እንደሚጀምር ሳይጠይቅ ሊያረጅ ይችላል። በራፉ ነው? እማዬ ከሞተች በኋላስ በራፉ ያው በራፍ ነው? ቤቱን የተካፈልን ዕለት እዚሁ በረንዳ ላይ ቆመሽ «እኔማ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» ያልሽው ትዝ አለኝ። ያን ቀን ምን እንደሚመለስ አላወቅኩም ነበር። ከዚያ ወዲህም ጥሩ ጥሩ መልስ አስቤ ነበር፤ ሁሉም ጮክ ተብሎ ሲነገር ክርክር ይመስላል።

በማግስቱ ቱንቢ መጥቶ «እህስ?» አለኝ።

«ወደኔ አዙረው።»

«እርግጠኛ ነዎት? ጭቃው በርስዎ በኩል ነው የሚሆነው።»

«ጫማ አለኝ።»

«ለሚስት ቢሆን ይገባኝ ነበር» አለና የሲሚንቶና የአሸዋ ማልታውን ማማሰል ጀመረ።

ስለዚህ እትዬ፣ ውጭው እኔ ነኝ። ያንቺ በኩል ውስጥ ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ስላላገኘሁ በሲሚንቶ መልሼልሻለሁ።

ግንቡ አልቋል። ዝናብም ዘንቦ ተፈትኗል። ዣንጥላ ይዤ መሰላል ላይ ወጥቼ ባንቺ በኩል አየሁ፤ ከክንፎቹ አንድ ጠብታ ወዳንቺ አላለፈም። በኔ በኩል ግን ኩሬ ተጠራቅሞ አጎታችን ሲሻገሩ አንድ ጫማቸው ሰጥሞ ቀርቶባቸዋል። ቱንቢን ጠርቼ መፋሰሻ እንዲያበጅልኝ ስነግረው «ነግሬዎት አልነበረም?» ብሎ በደስታ ነው የቆፈረልኝ።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ነፋሱ በረታ። ክፍት በነበረበት ጊዜ ያልተሰማኝ ነፋስ አሁን በክንፎቹ መሀል ሲሾልክ ይፈጥናል። መዳፌን አስጠግቼ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። የሚመጣው ከወጥ ቤትሽ በኩል ነው፤ ለጊዜው የሚሸተው የተዘጋ ቤት ነው። ስትገቢ ምን እንደሚሸት ለማወቅ እጓጓለሁ። ሽንኩርት ስታቁላዪ አሁንም ታሳርሪ እንደሆነ በቀዳዳው በኩል አውቀዋለሁ።

አንቺ ደግሞ መስኮትሽ ጋ ቁጭ ብለሽ ጫማዬን ታያለሽ። ቆሞ ካየሽው እቤት ነኝ፤ ካልተወለወለ «ወልውለው» በዪኝ። እዚህ ቤት የሚያርመኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ስህተቴም እየበዛ ነው። እኔ የጣራሽን ጠርዝ አያለሁ። ማታ መብራት ስታበሪ ብርሃኑ እዚያ ያርፋል፤ መኖርሽን ለማወቅ ይበቃኛል። ፊት ለፊት መተያየት ካማረን በአጥሩ በር ዞሮ መምጣት ነው፤ ሩቅ አይደለም።

በይ እትዬ፣ ሰላም ሁኚ። መቼ እንደምትመጪ ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ፤ መስኮትሽን እወለውላለሁ፣ ቤቱንም አናፍሼ እጠብቅሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ከውጭ በኩል

ፖስታውን ሳላሽግ አንድ የቤት ደላላ መጣ። ሜትር የያዘ ሰው አስከትሎ ነበር። በርሽን የከፈቱት አንቺ በላክሽለት ቁልፍ እንደሆነ ነገረኝ። ሰውየው ክፍሎቹን ለካ፤ በመጨረሻም ግንቡ አጠገብ ቆሞ ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ሊደፈን ይችል እንደሆነ ደላላውን ጠየቀው።

«በቀላሉ» አለው።