በፈረስ ያዘው ብዬህ ነበር

ሮቢት፣ ኅዳር ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ ተሰማ፣

ሰላምታውን ኋላ ታገኘዋለህ። ቅዳሜ ወደ ሮቢት እንዳትወርድ! ጣሊያኑ ካፒቴን ለመልሱ ግጥሚያ የሰንጠረዥ ገበታውን አስወልውሎ ስምህን እየጠራ ነው።

ያለፈውን አሸነፍሁት ብለህ ደብረ ሲና ድረስ አስወርተሃል አሉ። አይ ተሰማ! ገና ረፋዱ ላይ ገበታው ላይ የካፒቴኑ ንጉሥ እጅህ ገብቶ ነበር። ሾላው ሥር የከበብንህ ሁሉ አይተነዋል። እኔማ እንደ ልማዳችን «በፈረስ ያዘው!» ብዬ ጮኼብሃለሁ። አንተ ግን ጋቢህን ወደ ኋላ ጥለህ፣ «በፈረስ የሚይዝ ባለጌ ነው፤ የጨዋ ልጅ በእግረኛው፣ በሜደቅ ይይዛል» አልህ። ሰው አጨበጨበልህ። እኔም ስቄአለሁ፣ ምን ልዋሽህ።

የገረመኝ ቆይቶ ነው። ያ ሰውዬ ጨዋታችንን በአንድ ክረምት ተምሮ የሮቢትን ሰው በተራ የጣለ ነው። ለአንተ ግን ከጠጠሮቹ ፊሉን በከንቱ ሰጠህ፣ ቀጥሎ ደሩን። ልጅ የማይስተውን ሳተ። አንተም ጠጠሩን እየለቀምህ «ፈራኝ እኮ!» ትላለህ። ሜደቅህ እያዘገመች ንጉሡን እስክትይዝ ከቀትር በኋላ ሆኖ አሱር ተሰገደ። ኩራትህን አውቆብሃል፤ የፈለገው አንተን እዚያ ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

ስትነሣ በቅሎህን አላየሃትም? ጥላ ሥር ታስራ የዋለች እንስሳ በላብ ተጠምቃ፣ ኮቴዋ ላይ ቀይ ጭቃ ተለጥፎ! የሮቢት አፈር ጥቁር ነው፣ ወንድሜ። አንተ ስትፎክር ባንዶቹ ፈትተው ለቀቋት፤ በቅሎ ከለቀቋት ገብስ ወደለመደችበት ነው። ተከትለዋት ሄደው ወንድምህ በላይ የተሸሸገበትን ዋሻ አይተው ተመለሱ። ወላሂ ከራሴ አላወጣሁትም፣ ከባንዶቹ አንዱ ሱቄ በር ላይ ሲኩራራ ሰምቼ ነው። ቅዳሜ አንተ ሾላው ሥር ስትቀመጥ ዘመቻው ይነሣል። አንተን እዚህ፣ እሱን እዚያ፣ በአንድ ቀን። ለዘመቻው በቅሎዎች ገብስ አቅርብ ተብዬ የታዘዝሁትም እኔው ነኝ።

በላይ እግሩ ገና አልዳነም፣ በቅሎዋ ላይ አውጣውና በሌሊት ወደ አዋሽ በኩል ውረዱ። በዚያ ቁስል ቀስ እያላችሁ ሜዳውን እስክታልፉ ቅዳሜ አሱር መሆኑ አይቀርም። ካፒቴኑ መቅረትህን ጠዋት ካወቀ ደግሞ ፈረሰኛ ልኮ ሜዳ ላይ ያስይዛችኋል። ስለዚህ «ተሰማ መንገድ ላይ ነው፤ እስኪመጣ ከእኔ ጋር ይጫወቱ» ብዬ ፊቱ እቀመጣለሁ። እንደሚጥለኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ነውር ሳልል፣ በፈረስም በምንም እየተከላከልሁ፣ ቶሎ አልወድቅለትም።

ሚስቴ ሐጂራ ከትናንት ጀምራ እህል አልቀመሰችም። «ካፒቴኑ ነገሩ የገባው ለታስ?» ትለኛለች። ፈርቻለሁ፣ ተሰማ።

ይህን ደብዳቤ በበርበሬ ስልቻ ውስጥ ይዛልህ የመጣችው እሷ ናት። አንብበህ አቃጥለው። መልስህን አድርሼ ልመለስ ትልሃለች፣ እሺ እንዳትላት። ብታለቅስም ይዘሃት ሂድ፣ አደራህን። ያን ለት ጮኼ አልሰማኸኝም፤ አሁን እንኳ ስማኝ።

እስከ አሱር አቆይልሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።

ወዳጅህ
አብዱረሂም