የገነነ ስንቅ

ይድረስ ለልጄ ለሠርክአዲስ፤

ያለሽበትን አዳማን ሰላም ያድርግልሽ። እኛ ከነከብቱ ከነሰብሉ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኔትወርክ ስለሌለ ይህን ወደ ቡሬ በሚወርድ ሰው ላክሁልሽ።

የወንድምሽ የገነነ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ። ዘንድሮ ከቀበሌያችን ያለፈ እሱ ብቻ ስለሆነ አባትሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ላገኘው ሁሉ ያወራል። እንደምታውቂው ክረምቱን ሙሉ ገነነ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ፣ አባትሽ ደግሞ ማኔጅመንት ይሻልሃል እያሉ ሲከራከሩ ነው የከረሙት። አሁን የቱን ቆረጥህ ስለው፣ «የደረሰኝን፣ እማዬ» ይለኛል። ጠጉሩንም ጫካ እንደገቡት ልጆች አሳድጎታል፤ ቡሬ ወርደህ ተቆረጥ ብለው አልሰማኝም። ለዶርሙ የገዛሁለት አንሶላ እንደታጠፈ ተቀምጧል።

ትናንት ለበሶ የሚሆነውን ገብስ ስቆላ መጥቶ፣ «ኬሻ ሙሉ አድርጊልኝ» አለኝ።

«ይህን ሁሉ ብቻህን ልትበላው ነው?»

«አብረውኝ ለሚሄዱት ልጆችም ነው» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

አባትሽ ይህን አልሰማም። ጎረቤቶችሽን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ገነነ አንቺን ይሰማሻልና ከሥራ ፈቃድ ከሰጡሽ ቶሎ ነይ። እስክትመጪ ገብሱን ቀስ እያልሁ እቆላለሁ።

እናትሽ ቻይነሽ