በካፒቴኑ ግድግዳ ውስጥ የሚያንኳኳው

ሰኞ፣ ጥር 1931

ዛሬም አንኳኳ። ሦስቴ፣ ዝም፣ ደግሞ ሁለቴ። ልክ ፀሐይ ስትገባ፣ ከጣሊያኑ ካፒቴን መኝታ ቤት ግድግዳ ውስጥ።

በሸዋ ሮቢት ሐሩር ቤቱን በእንፋሎት የሚያሞቅ ሰው አለ ብል ማን ያምነኛል? ወባው ሲነሳበት ይንቀጠቀጣላ! አመሻሽ ላይ ጓሮ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ግድግዳውን ይዞራል። እሳቱን የሚያነዱት የቀወቱ ጋሼ ሰይድ ነበሩ። ጠዋት አሰሯቸው። በቧንቧው ለሽፍቶች ምልክት ይሰጣሉ ተባለ። እስከ ሐሙስ ድምፁ ካልቆመ ገበያ መሃል ይሰቅሏቸዋል። ባቡር ጥገና ቤት ሠርቼ ስለነበር ቧንቧውን እንድመረምር እኔ ተጠራሁ።

ማክሰኞ

መጋጠሚያው ደህና። እሳቱ ደህና። የሚያፈስ የለም። አመሻሹ ላይ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ከመዳፌ ሥር መታ። ከወዲያ በኩል ሰው መዳፌን የሚፈልግ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ምን ይደረግ።

ለካፒቴኑ፣ "ሰውየው ታስረውም ግድግዳው ያንኳኳል" ብዬ ብነግረው፣ "እንግዲያው ምልክቱን አንተንም አስተምሮሃል" አለኝ። ምላሴን በቆረጠው!

ረቡዕ

ቧንቧው ዝቅ ከሚልበት ጫፍ የውሃ ማስወጫ አገኘሁ። ዝጎ ተጣብቋል። እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ካልወጣ ተከታዩ እንፋሎት እያነሳ ከብረቱ ጋር ያላትመዋል። ይኸው መንኳኳቱ! ግን ጋሼ ሰይድ በየምሽቱ እንዲከፍቱት ታዘው ነበር። እስር ቤት ሄጄ በመስኮት ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ምነው ሳይከፍቱት ቀሩ?"

"ልጄ፣ በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ የፈላ ውሃ መሬት ላይ ይደፋል እንዴ? ጅኖች ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡበት ሰዓት ነው። ስንቱን ላቃጥል?"

ይህን ለካፒቴኑ ብነግረው ትእዛዝ ጣሱ ብሎ ያንኑ ገመድ ያመጣል። ዝጎ እምቢ ብሏቸው ነው እለዋለሁ።

ሐሙስ

ዝገቱን ፍቄ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ማስወጫውን ከፈትኩት። ውሃው እየፈላ አፈሩ ላይ ወረደ። የሆነ ነገር በቀጭኑ ጮኸ። ቧንቧው ነው። ቧንቧው መሆን አለበት።

ግድግዳው ዝም አለ።

ዓርብ

ለቀቋቸው! ከጁምዓ ሲመለሱ እኔ ዘንድ መጡ። ምስጋናም የለ፣ ሰላምታም የለ።

"ቢስሚላህ ብለህ ነው የደፋኸው? ጅኖቹ እሱን ሲሰሙ ልጆቻቸውን ሰብስበው ዞር ይላሉ።"

"አዎ" አልኳቸው። መረቁኝ።

ቢስሚላህ ግን አላልኩም። ውሃው የፈሰሰበት አፈር፣ በዚህ ሁሉ ፀሐይ፣ እስካሁን አልደረቀም። ውሾቹም ዞረውት ነው የሚያልፉት። አሁን ደግሞ ካፒቴኑ በርዶኛል፣ እሳቱን አንተ አንድድ፣ ውሃውንም አንተ ክፈት ብሎ ልኮብኛል፣ ፀሐይዋም ልትገባ ነው። ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ከቅድም ጀምሮ ቢስሚላህ ማለት እየተለማመድኩ ነው።